የዝሆን አዳኞቹን የሒሳብ ገጽ አትዝለሉብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አፍሪካ ውስጥ ስላደኑት ስለ ጥንቶቹ ነጭ አዳኞች በተከታታይ የምታወጡትን ትረካ አንድም ሳያመልጠኝ እየተከታተልኩ ነው። ቋንቋው ይጥማል፤ ቤቴ ውስጥ ጋዜጣው የሚያሻማው በእሱ ምክንያት ነው። ቅር ያለኝ ምርጫችሁ ነው። አዳኞቹ ራሳቸው ከጻፏቸው ከእነዚያ ወፋፍራም መጻሕፍት የምትቀዱልን ዝሆኑ ጆሮውን ዘርግቶ ሲንደረደር፣ ነጩ ሰውዬ ሳይርበተበት ሲያነጣጥር ያለችውን ገጽ ብቻ ነው። መጻሕፍቱን ገልጦ ያየ ሰው ግን ስለ ጥርስ ክብደት፣ ስለ ተሸካሚ፣ ስለ ስንቅና ስለ ገበያ የተጻፈው ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ያውቃል። ሰዎቹ በዝሆን ጥርስ የሚተዳደሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ራሳቸውም አልደበቁትም።

በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ ካለው ከካራሞጃ ምድር ቅጽል ስሙን ያገኘውን ስኮትላንዳዊ፣ "ካራሞጆ" ቤልን ውሰዱ። በዕድሜው ከ1,000 በላይ ዝሆን ጥሏል። በቀጭን ጥይት መጣሉን እናንተ እንደ ተአምር አቀረባችሁት። እሱ ግን ነገሩን ሲያስረዳ እንደ ልኳንዳ ባለሙያ ረጋ ብሎ ነው፤ የገደለውን ዝሆን ራስ ቅል ሰንጥቆ አንጎሉ የት ጋ እንደተቀመጠ አጠና፣ ከየትኛው ወገን ቢተኮስ እዚያ እንደሚደርስ ለየ፣ ከዚያ ወዲያ 7 ሚሊ ሜትር ሞዘር ጠመንጃ በቃው። አንድ ቀን ዘጠኝ ዝሆን ጥሎ ጥርሱ ስንት እንደሚያወጣ ሲያሰላ 877 የእንግሊዝ ፓውንድ ሆነለት። ለአንድ ወንድ ዝሆን በአማካይ 73 ማይል፣ ማለትም ወደ 117 ኪሎ ሜትር፣ በእግሩ እንደሚሄድም አስልቷል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ተኩሱ የደቂቃ ሥራ ነው፤ መንገዱ ግን የቀናት ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ከፊት ዱካ የሚያነብ፣ ከኋላ ጥርስ የሚሸከም ሰው አለ። ትልቅ ወንድ ዝሆን አንዱ ጥርሱ ብቻ 40 እና 50 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። እሱን ተሸክሞ ለሳምንታት የሄደው ሰው በእናንተ ትረካ ውስጥ አንዴ እንኳ ብቅ አላለም።

የላዶን ጉዳይ ጭራሽ አላነሳችሁትም። ከነጭ ዓባይ በስተ ምዕራብ ያለው ይህ ግዛት በቤልጅጉ ንጉሥ በዳግማዊ ሊዮፖልድ እጅ የነበረው በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። ንጉሡ በታኅሣሥ 1909 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ግዛቱ በ1910 ወደ ሱዳን ተመለሰ። አንዱ ሊለቅ ሌላው ሊረከብ ባለበት በዚያ ክፍተት ከየአቅጣጫው የመጣ አዳኝ ወንዙን እየተሻገረ ገባ፤ ያለ ፈቃድ ገደለ፣ ጥርሱን ጫነ፣ ወጣ። አውሮፓና አሜሪካ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጠው የፒያኖ ቁልፍና የቢሊያርድ ኳስ የተሠራው ከእንዲህ ያለው ጥርስ ነው። ቤልም እዚያ ነበር፤ ጽፎታልም። ከጀብዱው ሁሉ ይልቅ ለዛሬ አንባቢ የሚጠቅመው ይህ ምዕራፍ ይመስለኛል።

እንግሊዛዊውን አዳኝ ሴሉስን በተመለከተ ያወጣችሁት ይሻላል። ገና በ20 ዓመቱ በ1872 ዝሆን ላድን ብሎ በዛሬዋ ዚምባብዌ የማታቤሌው ንጉሥ ሎቤንጉላ ዘንድ ሲቀርብ፣ ንጉሡ ልጅነቱን አይቶ የሳቀበትን አልዘለላችሁም፤ ደስ ይላል። ግን ያን ልጅ ማን አሠለጠነው? የገንዲ ዝንብ ፈረስ በማያስገባው አገር ዝሆንን በእግር ማደን ያስተማረው ሲጋር እያሉ የሚጠሩት፣ ከደቡብ አፍሪካው የኮይኮይ ሕዝብ የተወለደ ሰው ነው። ይህን የነገረን ራሱ ሴሉስ ነው። መምህሩ በታሪክ የቀረው በትምባሆ ስም፣ ተማሪው ደግሞ ታንዛኒያ ውስጥ ስሙ ለአንድ ትልቅ ጥብቅ ክልል ተሰጥቶ (ከክልሉ ሰፊው ክፍል በ2019 ኔሬሬ ብሔራዊ ፓርክ እስኪባል ድረስ)።

ሌላው እንግሊዛዊ ዝሆን አዳኝ ኒውማንም አለ። በ1898 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ያኔ ሩዶልፍ ይባል በነበረው በቱርካና ሐይቅ ሼባኔ የተባለ አገልጋዩን አዞ እንደወሰደበት ይናገራል። ብዙ ዝሆን ስለመግደሉ በእርጋታ የሚጽፍ ሰው እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ይህን ገጽ ብታወጡት ኖሮ አንባቢ ሰውየውን ከነሙሉ ሰውነቱ ባወቀው ነበር።

አንድ እርማትም አለኝ። ኬንያ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ያጠቁት የጻቮ አንበሶች 135 ሰው በሉ የሚለውን ያለ ምንም ማብራሪያ አስቀምጣችኋል። አንበሶቹን የገደላቸው ፓተርሰን ራሱ በ1907 መጽሐፉ የጠቀሰው 28 ህንዳውያን የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችንና ቁጥራቸው ያልተመዘገበ አፍሪካውያንን ነው፤ 135 የሚለው ኋላ የመጣ ነው። የአንበሶቹ ቆዳና ራስ ቅል ቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ውስጥ ስላለ ተመራማሪዎች ፀጉራቸውንና አጥንታቸውን መርምረው በ2009 ያወጡት ግምት ወደ 35 ሰው ነው። 35ም ቢሆን ሰው ነው፤ ግን አዳኝ ስለ ራሱ ግዳይ የሚናገረውን ቁጥር እንዳለ መቀበል ፉከራ ሰምቶ ላደገ ሰው አይመጥንም። (በነገራችን ላይ ፓተርሰን የጻቮን ድልድይ ሊያሠራ የመጣ መሐንዲስ እንጂ በአደን የሚተዳደር ሰው አልነበረም፤ ከእነ ቤል ጋር አንድ ላይ መሰለፉም አልገባኝም።)

ፉከራን ካነሳሁ፣ የእኛ ዝሆን ገዳዮች ማስታወሻ አልጻፉም። ሎቲ አንጠልጥለው ፎከሩ፣ አለፉ። እኔ በሰማኋቸው ፉከራዎችም ዱካውን ያገኘው ሰው ስም አይነሳም። ስለዚህ ነጮቹን ብቻ ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። እነሱ ቢያንስ በጽሑፍ አስቀሩት፤ እኛ ደግሞ ያስቀሩትን ቆርጠን እያነበብን ነው።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ተከታታዩ ገና ስላላለቀ ቢያንስ አንዱን ሳምንት ለላዶ ስጡልን። ሌላውን ደግሞ ለጊሎ። ቤል በምዕራብ ኢትዮጵያ አድርጎ ወደ ጊሎ ወንዝ ወርዶ በረግረጉና በደንገሉ መሃል ስላደረገው ጉዞ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፏል፤ ጋምቤላ ያለ አንባቢያችሁ ወንዙን ያውቀዋል፣ ትክክል ያልሆነውንም ነቅሶ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ስትተረጉሙትም የተሸካሚዎቹንና የመንገድ መሪዎቹን ነገር እባካችሁ አትቁረጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአርባ ምንጭ