ወርቁ ስንት ኩንታል ነው?

ጅማ፣ ክረምቱ ሳይወጣ

ይድረስ ለማልረሳህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? መኪናዋስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጅማም ያው እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና የማታው ቡና እስኪፈላ አያባራም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የእኔና የአንተ ዝምታ ግን ተከምሮ ተከምሮ ጎልድፊንገርን ራሱን የሚያስጎመጅ ሆኗልና ይብቃን።

ስሙን በከንቱ አላነሣሁትም። ያንን «ጎልድፊንገር» የተባለውን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 የወጣውን፣ ሾን ኮነሪ ሰላዩን ጄምስ ቦንድን ሆኖ የሚሠራበትን ፊልም አንድ ጊዜ በሾፌር ዓይን እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። አክተሩን ተወው፣ አክተር እንደሆነ አይሞትም። አንተ ጭነቱን ተመልከት።

ቦንድ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ተይዞ መጠጡን እየጠጣ ያንን የወርቅ ኮንትሮባንዲስት ጎልድፊንገርን «ወርቁን መዝረፍ አይሆንልህም» ብሎ ይከራከረዋል። የአሜሪካ መንግሥት ወርቁን በሚያስቀምጥበት ፎርት ኖክስ ያለው የ15 ቢሊዮን ዶላር ወርቅ 10,500 ቶን ይመዝናል፤ 60 ሰው 200 ካሚዮን ላይ ለመጫን 12 ቀን ይፈጅበታል ይላል። እንግዲህ እርሳስህን አንሣ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት የወርቅን ዋጋ ቆርጦት ነበር፤ አንድ ትሮይ አውንስ ማለትም 31.1 ግራም በ35 ዶላር። 15 ቢሊዮኑን ለ35 አካፍለህ በ31.1 ግራም ብታባዛው ከ13,300 ቶን በላይ ይመጣል። ሰላዩ አንድ ብርጭቆ ሳይጨርስ 28,000 ኩንታል አጎደለ ማለት ነው። እዚህ አንድ የቡና መጋዘን ኃላፊ የዚህን መቶኛ ቢያጎድል በማግስቱ ቁልፍ ያስረክባል።

ጉድለቱን እንተውለትና በራሱ ቁጥር እንሂድ። 105,000 ኩንታል ለ200 መኪና ሲካፈል ለእያንዳንዱ 525 ኩንታል ይደርሰዋል። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ የጊቤን ዳገት ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት ለአንተ አልነግርህም። ጫኞቹስ? ለአንድ ሰው በቀን 146 ኩንታል ገደማ ነው። የፎርት ኖክስ አንዱ የወርቅ ጡብ 400 አውንስ፣ 12.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በቀን 1,170 ጊዜ ያህል ጎንበስ ቀና ይላል። የእኛ መርካቶ ጫኞች ይህን ሒሳብ ቢሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት የምሳ ሰዓቱን ነው።

ይኸው 12.4 ኪሎ ጡብ ግን መጨረሻው ላይ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ቦንድ አንሥቶ የጎልድፊንገርን ሎሌ ኦድጆብን ደረቱ ላይ ይለዋል፤ ሰውየው ፈገግ ይላል። በ20 ሊትር ጀሪካን 12 ሊትር ውሃ ቅዳና ሰው ደረት ላይ ወርውር፤ ፈገግታው የማን እንደሚሆን ታያለህ።

አሁን ወደ ዋናው። ሶሎ የሚባለው ወንበዴ ከጎልድፊንገር ጋር በሽርክና አልቀጥልም ብሎ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ወርቁን በሊንከን ኮንቲኔንታል አስጭኖ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይነሣል። በ35 ዶላር ሒሳብ ይህ 889 ኪሎ ነው፤ ወደ ዘጠኝ ኩንታል፣ ከ70 ጡብ በላይ። ኦድጆብ መንገድ ላይ ይገድለውና መኪናዋን ከነሬሳው ከነወርቁ መጭመቂያ ውስጥ ይከታታል። ብረቱ ይንቋቋል፣ መስታወቱ ይረግፋል፣ ትልቅ ሊንከን ተጨፍልቃ አንዲት ጥቅል ትሆናለች። ክሬኑ ያነሣትና ፎርድ ራንቼሮ ላይ ያስቀምጣታል። ራንቼሮ እኮ የቤት መኪና ጀርባዋ ተቆርጦ ፒክአፕ የሆነች ናት፤ አራት ኩንታል ብትጭን ነው። ሊንከኗ ብቻዋን ከ20 ኩንታል በላይ ትመዝናለች፤ ወርቁ ሲጨመር ወደ 30 ኩንታል፣ የአንድ አይሱዙ ጭነት። የራንቼሮዋን ባሌስትራ ልብ ብለህ ተመልከት። ምንም አይላትም! ኦድጆብም ከገበያ ጎመን ገዝቶ እንደሚመለስ ሰው እየነዳ ይሄዳል።

ጎልድፊንገር ቀጥሎ ምን ይላል? ወርቄን ከሟቹ ሶሎ ልለይ። ሰውዬ፣ ሳትጨፈልቀው ወርቁን አታወርድም ነበር? አሁን ማቅለጥ ሊኖርበት ነው። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ብረት ከ1,500 በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይቻላል፣ ግን መጭመቂያው ለምን አስፈለገ? ይባስ ብሎ ቀደም ሲል ወንበዴዎቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ ወለሉን ከፍቶ፣ የፎርት ኖክስን ሞዴል አውጥቶ ዕቅዱን አንድ በአንድ ካስረዳ በኋላ ከሶሎ የቀሩትን በጋዝ ይጨርሳቸዋል። ገለጻው ለማን ነበር?

ሮልስ ሮይሱም አለልህ፤ ቦዲው በ18 ካራት ወርቅ ተሠርቶ ድንበር የሚሻገረው። እንዲህ ያለው ወርቅ ከብረት እጥፍ ይከብዳል። ቀረጡን ትቶ ባሌስትራውን ያየ ኬላ ጠባቂ ይይዘዋል።

አንድ ነገር ግን ላመስግናቸው። የጎልድፊንገር ዕቅድ ለካ ወርቁን መስረቅ ሳይሆን በአቶሚክ ቦምብ መመረዝ ነው፤ ኮባልት ያለበት ቦምብ ወርቁን ለ58 ዓመት ይመርዘዋል የሚለው ባዶ ወሬ አይደለም፤ የኮባልት 60 ጨረር በየ5.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 58 ዓመት ወደ 11 ጊዜ መክፈል ነው። የወርቁ የራሱ ጨረር ግን በየ2.7 ቀን ስለሚከፈል በወር ውስጥ ወደ ምንም ይጠጋል። ቆሻሻው ከላይ የሚቀመጠው አቧራ ነው።

አክተሩንም ልንካው። አስተን ማርቲኑ መትረየስ፣ ጭስ፣ ዘይት መርጫ፣ ሰው የሚያስፈነጥር ወንበር አለው፤ ነጂው ግን የራሱ መብራት በመስታወት ሲመለስበት ሌላ መኪና መስሎት ግድግዳ ይገጫል። ስለ ዕቅዱ የጻፈውን መልእክት ሶሎ ኪስ ከተተ፤ እሱም ከሊንከኗ ጋር ተጨፈለቀ። አገር ያዳነችው ወደ ዋሽንግተን ያሳወቀችው የጎልድፊንገር ሴት አብራሪዎች አለቃ ናት። ቦምቡም ፊት ቆሞ ሽቦ ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ ባለሙያው በጎኑ አልፎ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ያጠፋዋል። ቆጣሪው 007 ላይ ይቆማል፤ ቦንድ ደግሞ ሦስት ምት ነበር የቀረው ይላል። ቁጥሩ ኋላ ከ003 ተቀይሮ ንግግሩ ሳይታረም ቀርቶ ነው።

ወታደሮቹ ሁሉ በጋዝ የሞቱ መስለው የሚወድቁበትንም ደግመህ እየው። አብራሪዎቹ ከላይ የረጩት ጋዝ የውሸት ነው፤ ግን ሠፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ ሳይሳሳት፣ ሳይስቅ ተዘረረ። ማን አለማመዳቸው? እኛ ሠፈር አሥር ልጅ ሞታችሁ ተኙ ብትል ሁለቱ ያስነጥሳሉ።

በል፣ ቤተሰቡን ሳምልኝ። ስትጽፍልኝ ራንቼሮዋን 30 ኩንታል አስጭነህ ከጅማ አሰንዳቦ ድረስ ትነዳት እንደሆነ፣ ቀድሞ የሚሰበረው ባሌስትራው ይሁን አክሱ፣ የባለሙያ ፍርድህን ስጠኝ።

ወዳጅህ