ለሰለሞን፣ ስለ አዲሱ ቤትህ

ውድ ወንድሜ ሰለሞን፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ምን ያህል ተጠፋፋን! ሥራው፣ የልጆቹ ነገር፣ እንዲህ እንዲያ ሲል ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ናፍቆቱ ግን ያው ነው። ሰሞኑን እህትህ ደውላ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ላይ ቤት ገዛ ስትለኝ ከልቤ ደስ አለኝ። እንኳን ለዚህ አበቃህ!

ከዚያ "ቤቱ የቆየ ስለሆነ ከብርዱ በፊት የጋዝ ማሞቂያውን፣ ፈርነሱን ሊያስቀይር ነው" አለችኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እዚህ ሴንት ፖል ስንት ክረምት ይህንኑ ስገጥም እንደኖርኩ ታውቃለህ። ሰው ፈርነስ ሲገዛ የሚጨነቀው ስለ ዋጋውና ስለ ስሙ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቱቦው ነው። ጭሱ በየት ይወጣል? ውሃውስ ወዴት ይፈሳል?

ምን ውሃ ትለኝ ይሆናል። የድሮው ፈርነስ ከጋዙ ሙቀት 80 በመቶ ገደማውን ለቤቱ ሰጥቶ የቀረውን ከትኩስ ጭስ ጋር በጣሪያ ይለቀዋል። ከ90 በመቶ በላይ የሚጠቀመው አዲሱ ዓይነት ግን ጭሱ እስኪበርድ ድረስ ሙቀቱን ይወስድበታል። ያኔ በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ይሆናል። ብርዱ በጠናበት ቀን ከ10 ሊትር በላይ ሊወጣው ይችላል። ጭሱም ስለበረደ በፒቪሲ (በፕላስቲክ) ቱቦ፣ በግድግዳ በኩል ይወጣል።

ይህ ቱቦ ወደ ውጭ ሲሄድ ሽቅብ ማለት አለበት፤ ውሃው ወደ ፈርነሱ ተመልሶ እንዲወርድ። ለእያንዳንዱ ፉት ሩብ ኢንች፣ በሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል። ውሃ ልክ ይዘህ ራስህ ለካው። በቀደም አንድ ቤት ፈርነሱ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል ብለው ጠሩኝ። የቱቦው ማንጠልጠያዎች ተራርቀው መሃሉ ረግቧል። በእጄ ነቅነቅ ሳደርገው ውሃው ውስጡ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ጭሱ መንገድ ሲያጣ ማሽኑ ለደህንነቱ ራሱን ያጠፋ ነበር። ማንጠልጠያ ጨምረን ሽቅብታውን ስናስተካክል ነገሩ አለቀ።

የውሃ መውረጃው ላይ ሲፎን፣ ማለትም ውሃ ይዞ ጭሱን የሚያግድ ጎባጣ ቱቦ አለ፤ ሠራተኞቹ ማሽኑን ከማስነሳታቸው በፊት ውሃ ይሙሉበት። የመውረጃውን ቱቦ ባልሞቀ ቦታ እንዳያሳልፉት፣ በረዶ ይሆንና ይዘጋል። ውሃው አሲድነት ስላለው የብረት ፍሳሽ ቱቦን ቀስ በቀስ ይበላል። የኖራ ድንጋይ ያለበት ማጣሪያ ያስገቡልህ። የጭሱ አፍ ደግሞ ከምትጠብቀው በረዶ ቢያንስ 12 ኢንች ከፍ ይበል፤ ከመስኮትም የሚርቀውን ያህል የፋብሪካው መመሪያ ይነግራቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በቆየ ቤት ፈርነሱና የቤቱን ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ብዙ ጊዜ አንድ ጭስ ማውጫ ይጋራሉ። ፈርነሱ ወደ ፒቪሲ ሲዛወር ቦይለሩ በዚያ ሰፊ ጭስ ማውጫ ላይ ብቻውን ይቀራል። የእሱ ትንሽ ሙቀት ጭስ ማውጫውን አያሞቀውም። ጭሱ መሃል መንገድ ላይ ይበርድና ወደ ቤዝመንትህ፣ ወደ ምድር ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ ካለ አይታይም፣ አይሸትም። ሰለሞን፣ እኛ አገር በብርድ ሌሊት ከሰል ቤት አስገብተው የተኙ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው ታውቃለህ። ገዳዩ ያው ጋዝ ነው። ስለዚህ ውሉን ሳትፈርም "ቦይለሩስ ምን ይሆናል?" በል። ወይ ጭስ ማውጫው ውስጥ ቦይለሩን የሚመጥን ጠባብ የብረት ቱቦ ያስገቡ፣ ወይ ቦይለሩም ይቀየር። "ችግር የለውም፣ እንዳለ ይሁን" የሚልህን ኮንትራክተር አሰናብተው። ርካሹ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህን ሥራ ከመዝለል ነው።

የኮሎራዶ ሕግ ከመኝታ ክፍል በር በ15 ፉት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይጠይቃል። ቤዝመንትም አንድ ጨምር፣ ውድ አይደለም። ደግሞ ኦሮራ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑ ለከፍታው መስተካከል አለበት። ይህንንም ጠይቃቸው። የከተማውን ፈቃድ ያውጡ፣ ኢንስፔክተሩም መጥቶ ይየው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቤዝመንቱን ፎቶ ላክልኝ፤ ፈርነሱን፣ ቦይለሩን፣ ሁለቱ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገናኙበትን ቦታ። የኮንትራክተሩንም የዋጋ ወረቀት ጨምርበት። ማታ ማታ ከሥራ ስለምገባ ያኔ ብትደውል ረጋ ብለን እናያለን። ልጆቹን ሳምልኝ፣ እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው፣
ደረጀ
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ