ወደ አዲስ አበባ የሚላክ የኪስ ባሮሜትር ላዘዛችሁ ደንበኞቻችን

ክቡራትና ክቡራን፣

ለአባት ወይም ለአማት ስጦታ እንዲሆኑ ቀብድ የከፈላችሁባቸውን የኪስ ሰዓት መጠን ያላቸው አሮጌ የኪስ ባሮሜትሮች (የአየር ግፊት መለኪያዎች)፣ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚሄዱ ከሆነ ላለመሸጥ መወሰናችን ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። ለተጓተተባችሁ ስጦታ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ቀብዱም ሳይጎድል ይመለሳል። ውሳኔው ግን አይለወጥም። «ውድ ውዱን ሊሸጥልን ነው» መባሉ ስላሳዘነኝ ምክንያቱን በዝርዝር ማስረዳት ግዴታዬ ነው።

ፈረንሳዊው ሉሲየን ቪዲ እ.ኤ.አ. በ1844 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ መሣሪያ ልቡ አየሩ የተመጠጠ፣ ፊቱ የተሸበሸበ ስስ የብረት ሣጥን ነው። የለንደን ባለሙያዎች ኋላ ይህንኑ በኪስ ሰዓት ቤት ውስጥ አስገቡት። የአየሩ ግፊት ሲለዋወጥ ሣጥኑ በዓይን በማይለይ መጠን ይጨመቃል፣ ይለጠጣል፤ ሞላው፣ ዘንጎቹና እንደ ፀጉር የቀጠነው ሰንሰለት ያችን እንቅስቃሴ አብዝተው ጠቋሚውን ያዞሩታል።

የአብዛኞቹ ፊት የተቀረጸው ከ28 እስከ 31 ኢንች (የአየር ግፊት በሜርኩሪ ዓምድ ቁመት ሲለካ) ሲሆን፣ «ዝናብ»፣ «ተለዋዋጭ» እና «ብራ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ጽሑፎችም የተሰሉት ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው ግፊት ግን ወደ 23 ኢንች ገደማ ዝቅ ይላል። ሠሪው ያላሰበለት ስፍራ ነውና ጠቋሚው ከመጨረሻው ምልክት አልፎ ይሄዳል።

«ከጀርባው ያለችውን ብሎን አዙረው ያስተካክሉልን» የምትሉኝ አላችሁ። ያች ብሎን የተሠራችው ለትንሽ ማረሚያ እንጂ ይህን ያህል ልዩነት ለማካካስ አይደለም። ከአዲስ አበባ የተመለሰልኝን አንዱን በአጉሊ መነጽር ሳየው የብሎኑ ራስ በቢላ ተፋፍቆ፣ ሰንሰለቱ ከመጠምጠሚያው ወጥቶ፣ ጠቋሚውም ተጣምሞ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረን የሰው እጅ ሥራ እንዲህ ለሚያበላሽ ጉዞ አስረክቤ ገንዘብ መቀበል ለእኔ ነውር ነው።

ለደጋ የሚሆነው ለተራራ ተጓዦችና ለቀያሾች የተሠራው፣ ወደ 20 ኢንች ገደማ የሚወርድና በጫማ የተቆጠረ የከፍታ ቀለበት ያለው ዓይነት ነው። ይህም ቢሆን የክረምቱን ዝናብ አይተነብይላችሁም፤ እንደ እኛ ባለ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግፊቱ በየዕለቱ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላልና። አባታችሁ ይህን እያዩ ቢደሰቱ ግን ያዩት እውነት ነው።

ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ደህና የተራራ ባሮሜትር በገበያ ላይ እየጠፋ ነው፤ ሰንሰለቱንም የሚቀጥል ባለሙያ ጥቂት ነው፤ የለንደን የሱቅ ኪራይም በየዓመቱ ይጨምራል። ይህን ሙያ ከአንድ አረጋዊ ሰዓት ሠሪ እግር ሥር ተቀምጬ ስማር፣ ከዚያም ይህችን ሱቅ ስከፍት፣ የመጀመሪያ ደንበኞቼ እናንተ ነበራችሁ፤ ሰርግና ልደት በመጣ ቁጥር ወገን ለወገን እየነገረ ነው እዚህ የደረስነው። ትርፍ ፍለጋ ቢሆን ኖሮ ያሉኝን ለባሕር ጠለል የተሠሩትን ሸጬ ዝም ማለት ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ስጦታው አውሮፓ የሚቀር ከሆነ ትዕዛዛችሁ እንዳለ ነው። ወደ ደጋ የሚሄድ ከሆነ የተራራውን መርጣችሁ ቀብዳችሁን ማዛወር፣ ካልሆነም ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ። ከዚህ ቀደም ከእኛ ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት የላካችሁም መሣሪያው ሲመለስ አምጡልኝ፤ ያለ ክፍያ ከፍቼ አየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት