«ፍላጎት የላቸውም» የተባሉት ልጆች ደብተር እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ባሕር ዳር የጎዳና ልጆች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ንድድ አለኝ። ብዙው ደህና ነው። ከተማችን በ2008 ዓ.ም. ለትምህርት በሠራችው ሥራ በዩኔስኮ መሸለሟን አንስታችኋል፤ እውነት ነው፣ ያኮራል። ግን አንዲት መስመር አለች። የአማራጭ ትምህርት ክፍሉ ባዶ የቀረው «ልጆቹ የመማር ፍላጎት ስለሌላቸው» ነው ትላለች። ማን ነገራችሁ?

እኔ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቡና እሸጣለሁ። ጋዜጠኛችሁ ያውቀኛል። ሻይ ጠጥቶ፣ ያልኩትን ሁሉ ጽፎ ነው የሄደው። ከነገርኩት አንድ ቃል አልወጣም። በዘገባው ያናገራችኋቸው ኃላፊ የተናገሩት ግን ከነማዕረጋቸው ወጥቷል። ሻይ ሻጭ ምን ታውቃለች ተብሎ ከሆነ በግልጽ ይነገረኝ።

የነገርኩት ይሄ ነው። ክፍሉ የሚከፈተው ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ጠዋት ደግሞ እንጀራቸው ነው። ተሳፋሪ ሻንጣ ያሸክማል፣ ቢሮ የሚገባ ሰው ጫማ ያስጠርጋል። ያን ሰዓት ክፍል የተቀመጠ ልጅ ጦሙን ይውላል። 8 ሰዓት ላይ ግን ፀሐዩ ይከራል፣ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ልጆቹም ከሸራዬ ሥር ይኮለኮላሉ። ያኔ አስተምሯቸው! አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት እኮ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በ3 ዓመት የሚያስጨርሰው፣ ሰዓቱም እንደ ልጁ ኑሮ የሚሆነው፣ መደበኛው ትምህርት ቤት ላልተመቸው ልጅ ተብሎ ነው። ሰዓቱን እንደ መደበኛው አድርጎ ልጁን «ቀሪ» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ፍላጎት የላቸውም? ደብተራቸውን የማስቀምጥላቸው እኔ ነኝ። ዝናብ እንዳይመታው በፌስታል ጠቅልለው ይሰጡኛል። በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ ደረቅ ቦታ ከየት ያመጣል? አንዱ «ማዘር፣ ይሄ የት ነው የሚሄደው?» እያለ የመኪና ታፔላ ያስነብበኝ ነበር። አንድ ቀን ራሱ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ «ዳ... ን... ግ... ላ» አለና ጮኸ። ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየው። ከዚያ ወዲህ ሞጣ፣ ደብረ ታቦር፣ ጎንደር፣ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ይሄን ልጅ ነው ፍላጎት የለውም ያላችሁት።

በሕይወት ክህሎት ሥልጠናው «ቁጠባ ተምረዋል» ብላችኋል። አዎ፣ ተምረዋል። ግን የት ያስቀምጡ? ባንክ ቢሄዱ አሳዳጊ አምጡ ይባላሉ። አሳዳጊ ቢኖራቸው በረንዳ ያድሩ ነበር? ሌሊት ደግሞ ጉልቤዎቹ ኪሳቸውን ይፈትሻሉ። ስለዚህ ብራቸውንም የምይዝላቸው እኔ ነኝ፣ በቆርቆሮ፣ የእያንዳንዱን ለብቻ ቋጥሬ። ይሄንንም ለጋዜጠኛችሁ አሳይቼዋለሁ።

የፎቶውማ ነገር አይወራ። የልጆቹን ፊት ሳትሸፍኑ አወጣችሁት። ከመካከላቸው አንዷ ዘመዶቿ ያለችበትን እንዲያውቁ የማትፈልግ ልጅ ናት። ማንን አስፈቀዳችሁ? የራሳችሁን ልጅ እንዲህ ታወጣላችሁ?

መስመሯ ትታረም። ፎቶውም ከዘገባው ላይ ይነሳ። የክፍሉን ሰዓት ያወጣውን አካል ደግሞ ለምን ጠዋት እንዳደረገው ጠይቁልኝ። ጋዜጠኛችሁ ተመልሶ ከመጣ 8 ሰዓት ላይ ይምጣና ልጆቹን ራሳቸውን ያናግር።

ሻይ ሻጯ፣ ከባሕር ዳር