አይቪኤፍ አይሸፈንም ማለት ምርመራው አይሸፈንም ማለት አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ልጅ አልወለድንም ብለው የጤና መድህን ካርድ ይዘው ሀዋሳ ውስጥ ወደ ሕክምና የሚመጡ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ መስኮት ላይ የሚሰሙት «የመካንነት ሕክምና መድህን አይሸፍነውም» የሚል መልስ ነው። መልሱ ከሕጉ ይሰፋል። የማህበራዊ ጤና መድህን ደንብ ቁጥር 271/2005 ከሽፋን ጥቅሉ ያስወጣው አይቪኤፍን፣ ማለትም እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ጽንሱን ወደ ማህፀን ማስገባትን ነው፤ ያውም ከዳሌ መተካት፣ ከመነጽርና ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር ደርድሮ። ደንቡ የወጣው ለደመወዝተኛው ነው፤ አስተሳሰቡ ግን ወደ ማህበረሰብ አቀፉ መድህንም የተሻገረ ይመስላል።

አይቪኤፍ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከእሱ በፊት የሚመጣው የወር አበባ መዛባት፣ የእንቅርት ሆርሞን ችግር፣ የማህፀን እጢ፣ በኢንፌክሽን የተዘጋ የማህፀን ቱቦ ነው። እነዚህ ልጅ ተፈለገም አልተፈለገ የሚታከሙ በሽታዎች ናቸው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «መካንነት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ስትሰፍር ግን ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ የጤና ጣቢያ ባልደረቦቻችን የታየውን ይጻፉ፦ የወር አበባዋ ከስንት ወር ጀምሮ ቀረ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም አለ ወይ፣ ያለ መከላከያ ስንት ጊዜ ቆዩ። አንድ ዓመት ከሞላ፣ ሴቷ 35 ካለፈች ደግሞ ስድስት ወር ከሞላ፣ ምርመራ ይጀመራል።

ቅደም ተከተሉም ገንዘብ ያድናል። ቀላሉና ርካሹ የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሚስት ራጅና አልትራሳውንድ ጨርሳ ነው ባል የሚጠራው፣ እሱም ከመጣ። ናሙናው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ፣ ላቦራቶሪው በሚሰጠው ዕቃ ተወስዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ከቤት የሚያመጣ ሰው ባጃጅ ሲጠብቅ ሰዓቱ ካለፈ፣ ወይም በኮንዶም ካመጣው፣ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ውጤቱ ዝቅ ካለም በአንድ ምርመራ አይፈረድም፤ ዘሩ ተሠርቶ ለመጨረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚወስድ፣ ከሁለት ወር በፊት የነበረ ከባድ ትኩሳት ዛሬ ይታያል። ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ድጋሚውን «አንዴ ተሠርቷል» ብሎ የሚመልስ ከፋይ ለተሳሳተ ሕክምና በር ይከፍታል።

እንቁላል መለቀቁን የሚያሳየው የፕሮጄስትሮን ሆርሞን የደም ምርመራም እንዲሁ ይበላሻል። «በ21ኛው ቀን» የሚባለው በየ28 ቀኑ ለሚመጣላት ነው። በየ35 ቀኑ ለምታይ ሴት 28ኛው ቀን ነው፤ በ21ኛው የተወሰደ ደም እንቁላል የምትለቅን ሴት አትለቅም ያሰኛል። በቀለም የሚነሳው የቱቦ ራጅ ደግሞ ደሙ ካቆመ በኋላ፣ እስከ 10ኛው ቀን ገደማ ይሠራል። ቀጠሮው ካለፈ ጽንስ ሊኖር ስለሚችል ወደ ሌላ ወር ይገፋል፤ ካርዱ ሳይታደስ ቀርቶ ቀኑ ካመለጠም እንደዚያው።

እንቁላል ለማትለቅ ሴት ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሌትሮዞል ነው፤ በቀን 2.5 ሚሊግራም፣ ከወር አበባዋ 3ኛ ቀን ጀምሮ ለ5 ቀን። መድኃኒቱ በዋናነት የሚታወቀው በጡት ካንሰር ስለሆነ የመድህን ኦዲተር ሊያነሳው ይችላል። በትዕዛዙ ላይ ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ ከጭቅጭቅ ያድናል።

አይቪኤፍን ዛሬውኑ ሸፍኑ አንልም፤ በዓመት አንዴ የሚዋጣው ገንዘብ አይችለውም። ሁለቱም ቱቦዎቿ የተዘጉባት ሴት ግን በብዛት ሌላ መንገድ የላትም፤ ይህን በጊዜ ልንነግራት ይገባል። በመንግሥት በኩል አገልግሎቱ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአይቪኤፍ እንቁላል የሚያሳድገው መርፌ ከ8 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ ይታያል። ለዚህ ሁሉ ቀን አዲስ አበባ ቤት መከራየት ከሕክምናው ያልተናነሰ ወጪ ነው። አልትራሳውንዱና የደም ምርመራው እዚሁ ሀዋሳ ተሠርቶ በመድህን ቢሸፈን፣ ጉዞ የሚያስፈልገው እንቁላሉ ሲወጣና ጽንሱ ሲገባ ብቻ ይሆናል። የከተማው የመድህን ኃላፊዎች ከሆስፒታሎች ጋር ውል ሲያድሱ እነዚህን ምርመራዎች በስማቸው ዘርዝረው ያስገቡ።

የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ባለሙያዎች
ሀዋሳ