የሚያብረቀርቀው ሽፋን ከመለጠፉ በፊት ደፉ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የተቧጨረ የመኪና በር ደፍ ላይ የሚለጠፍ የሚያብረቀርቅ ብረት በየመለዋወጫ ሱቁ ይሸጣል። ከሥሩ ምን መደረግ እንዳለበት ግን ሻጩ አይናገርም፣ ገዢውም አይጠይቅም። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል የስፖርት መኪና ያላቸውም፣ አሮጌ ማዝዳ ሚያታ ለመግዛት የሚያስቡም ስለማይጠፉ ይህችን ማስታወሻ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ደፍ ጌጥ አይደለም። ሚያታን የመሰለ ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና ከላይ የሚያስረው ብረት የለውም። አካሉ እንዳይጎብጥና እንዳይጣመም የሚይዘው በአብዛኛው በበሮቹ ሥር በቁመት የተዘረጋው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የላሜራ ሣጥን ነው። ደፉ ከፍ፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ በመሆኑ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ተረከዝ ይፈትገዋል። ዋሽንግተንን ወይም ሚኒያፖሊስን በመሰለ በረዶ በሚጥልበት ከተማ ደግሞ ጫማ ከመንገድ ላይ ጨው ይዞ ይገባል። ጭረቱ ብረቱ ድረስ ከዘለቀ የቀረውን ጥፋት ጨዋማው ውሃ ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ ጭረቱን መለየት ነው። ደፉን በሳሙና አጥቦ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ ጭረቱ ላይ ውሃ ጠብ ማድረግ። ሲርስ የሚጠፋ ጭረት ከላይኛው ክሊር (ቀለሙን ከሚሸፍነው ግልጽ ቫርኒሽ) አላለፈም፤ ጥፍር ሲሳብበት የሚይዝ ከሆነ ጠልቋል። የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት ብረቱ ላይ ከሚቀባው መሠረት ጋር) ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ0.05 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ በበር ዙሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም ይሳሳል። ስለዚህ ላይ ላዩን የሄደ ጭረት በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ቀጥሎ በ3000፣ ከዚያ በእጅ ፖሊሽ ይጨረሳል። ጠርዞቹ ላይ ቀለሙ የሳሳ ስለሆነ ከመነካካት በፊት በወረቀት ፕላስተር መሸፈን አለባቸው፤ ብዙ ሰው ቀለሙን በስቶ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ብረት ከታየ ሥራው ሌላ ነው። ቡናማ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ዳሩ በእጅ ሲዳሰስ ደረጃ እንዳይሰማ በ320 ይሳሳል፣ በ600 ይጨረሳል። ከዚያ ሁለት እጅ ስስ የኢፖክሲ ፕራይመር። እርጥበት የሚስበውን ስቱኮ ባዶ ብረት ላይ መለጠፍ ዝገትን እንደመቅበር ነው፤ ካስፈለገም ከፕራይመሩ በላይ ይሁን። ቀለሙ በየ10 እና 15 ደቂቃው ሁለት ወይም ሦስት እጅ፣ ክሊሩ ሁለት እጅ ይረጫል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ክሊር ሳንባ ስለሚጎዳ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ማስክ ግድ ነው፣ ቦታውም አየር የሚዘዋወርበት ይሁን።

እንግዲህ ሽፋኑ። በእኔ እምነት ከሚያብረቀርቀው ብረት ይልቅ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ግልጽ መከላከያ ፕላስቲክ እጅግ ይሻላል፤ ከሥሩ የሚሆነው ሁሉ ይታያል። አዲስ ቀለም ላይ ግን 30 ቀን ያህል ሳይቆይ አይለጠፍ፤ ከቀለሙ የሚወጣው ትነት መውጫ ያጣና አረፋ ይሠራል፣ ሲነሳም ቀለሙን ይዞ ይላጣል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ጨምሮ ደፉንም ፕላስቲኩንም መርጨት፣ ከመሃል ወደ ዳር ውሃውን መግፋት። ማዕዘኖቹ በመቀስ ካልከበቡ ጫማ እየያዘ ያነሳቸዋል። ፕላስቲኩ የበሩ ጎማ የሚያርፍበት መስመር ላይ መድረስ የለበትም። ለ24 ሰዓት አይረገጥ፣ ለአንድ ሳምንት አይታጠብ።

የግድ ብረት ይሁን የሚል ሰው ሁለት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፣ በቪቴ የሚታሰር አይግዛ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ ባዶው ሣጥን ውሃ ያስገባል፤ በብዙ መኪኖች ደግሞ የወንበርና የኤርባግ ሽቦ በደፉ ፕላስቲክ ሥር ያልፋል። ቢጫ ማገናኛ ያለው ሽቦ የኤርባግ ነውና አይነካ። ሁለተኛ፣ የሚለጠፈው ባለ ሁለት ገጽ የአክሪሊክ ፕላስተር ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይይዝም፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘውም ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። ብዙዎቹ በቀዝቃዛ ጠዋት ተለጥፈው በሳምንቱ ጫፋቸው የሚነሳው ለዚህ ነው፤ በተነሳው ጫፍ ጨውና ውሃ ይገባል፣ አይደርቅምም። ሽፋኑ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ቀለም ከለቀቀው ላሜራ ጋር በጨዋማ ውሃ ሲገናኝ በሁለቱ ብረቶች መካከል በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ አሉሚኒየሙ ይበላል። የተለጠፈውን ለማንሳት በፀጉር ማድረቂያ ፎን አሙቆ በዓሣ ማጥመጃ ክር እየጋዙ ከሥሩ መቁረጥ እንጂ በካቻቢቴ መፈንቀል አይገባም።

ሻካራ ገጽ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ሽፋን ከሆነ የተቧጨረው፣ በብርጭቆ ወረቀት አይነካ፤ ሻካራነቱ አንዴ ከሄደ አይመለስም። አዲስ መግዛት ይቀላል። ቀለም መቀባት ካስፈለገ ፖሊፕሮፒሊን ለሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሚሆን ማጣበቂያ ፕራይመር ካልቀደመ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይላጣል።

ሎተስ ኢሊዝ የተባለው የስፖርት መኪና ለብቻው ይታይ። ሰፊው ደፉ ራሱ በሙጫ የተያያዘው የአሉሚኒየም ሻሲ አካል ነው። ገጹ አኖዳይዝድ (በኤሌክትሪክ የተሠራ ስስ መከላከያ ሽፋን ያለው) ስለሆነ በሻካራ ወረቀት ሲፋቅ መከላከያው ይነሳል፤ ለብረት ያገለገለ ወረቀት ከተጠቀሙ ደግሞ የብረት ብናኝ ይቀርበትና ኋላ ይዝጋል። እዚያ ላይ ማጽዳትና ግልጹን ፕላስቲክ መለጠፍ ይበቃል።

ገዢዎች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን የሚያታን ጉዳይ ነው። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ሁለት የመጀመሪያ ትውልዶች ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ከመኪናው ሥር ይወጣል። ቀዳዳው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውሃው ደፉ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ውጪው ላይ አረፋ ሲታይ የውስጡ ላሜራ ብዙውን ጊዜ ተበልቷል፤ መድኃኒቱም ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በየቀዳዳው ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ ከሥር ወዲያው መውረዱን ማየት። ካልወረደ በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ይከፈታል፤ ጠንካራ ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል። ከዚያ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ደፍ ከታች በአውራ ጣት ጫን ማለት፤ ከሰመጠ ወይም ከተንኮሻኮሸ፣ ላዩ ላይ ምንም ያህል የሚያምር ብረት ቢለጠፍ፣ ዋጋው ከብየዳው ወጪ ጋር ተሰልቶ ይነገር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ