ጉዳዩ፦ በቶርክ ፕሌት ይሠራል ተብሎ ያለ ቶርክ ፕሌት ስለተሠራብኝ ሞኖብሎክ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላለው ሬቲፊካ (የሞተር ሞረዳ) ቤት ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬ ሁለት ወር የሃይስ 5ኤል ሞተር ሞኖብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተር አካል) ያመጣሁላችሁ ሰው ነኝ። ከለገሃር ፒያሳ ነው የምሠራው። ብሎኩን ከመኪና ላይ ሳላወርድ አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ነበር፤ ለ5ኤል የሚሆን ቶርክ ፕሌት፣ ማለትም ሲሊንደሩ ሲሞረድ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) ቦታ ብሎኩ ላይ የሚታሰረው ወፍራም ብረት፣ አላችሁ ወይ? «አለን፣ በሱ ነው የምንሠራው» አላችሁኝ። ለዚህም ብዬ ሌላ ቦታ ከተጠየቅኩት በላይ ከፈልኩ።

አሁን ሞተሩ ዘይት ይበላል። ሞልቼው በሦስተኛው ቀን ከታችኛው ምልክት በታች ይወርዳል። በቸርችል ሽቅብ ስወጣ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፣ ተሳፋሪው መስኮት ይዘጋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት እንደ ፈላ ጀበና ይተነፍሳል። ፋሻውም (የፒስቶኑ ቀለበት) ፒስቶኑም አዲስ ነው፣ 0.50 ኦቨርሳይዝ (ከመጀመሪያው ልክ በ0.50 ሚሊሜትር የሚበልጥ)። ደውዬ ስነግራችሁ መጀመሪያ «ፋሻው እስኪለምድ ታገስ» አላችሁ፣ ታገስኩ። ቀጥሎ «የገጠመው ሰው ጥፋት ነው» አላችሁ። ይሄ ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም መካኒኬን ለዓመታት አውቀዋለሁ።

ስለዚህ አስፈታሁት። ባዶውን፣ ምንም ሳይታሰርበት፣ ስንለካው ሲሊንደሩ ክብ ነው፣ ልክ ደረሰኙ ላይ እንደጻፋችሁት። ከዚያ ፕሌቱ ያለው ሌላ ቤት ወሰድነው። ወፍራሙን ፕሌት ከጋርኒሲዮኑ (ከጋስኬቱ) ጋር ብሎኩ ላይ አስቀምጠው፣ በራሱ የቴስታታ ቡሎኖች፣ ቴስታታው በሚታሰርበት ኃይል አሰሩትና በፕሌቱ ቀዳዳ በኩል ቦር ጌጁን (የሲሊንደር ስፋት መለኪያውን) አስገቡ። ዓይኔ እያየ መርፌዋ ሄደች። 3ኛው ሲሊንደር ላይኛው ክፍል ላይ 0.04 ሚሊሜትር ልዩነት አለው። ቡሎኖቹ ሲፈቱ መርፌዋ ተመለሰች።

እናንተ ባለሙያ ናችሁ፣ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቡሎን ሲጠብቅ ዙሪያውን ያለውን ብረት ይስባል፣ የሲሊንደሩም ግድግዳ አብሮ ይጣመማል። ፕሌቱ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ሆኒንግ (የሲሊንደሩ የመጨረሻ ሞረዳ) የተደረገው፣ ሲፈታ ክብነቱን ያጣል፣ ቴስታታው ሲታሰር ደግሞ ክብ ይሆናል። የእኔ ተገላቢጦሽ ነው። ባዶውን ክብ ሆኖ መገኘቱ ራሱ ፕሌት እንዳልነካው ያሳያል። ሞተር ደግሞ ቴስታታ ሳይታሰር አይነሳም፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ልክ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?

ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ ፕሌት እንደሚያስፈልግና ወጪ እንዳለው ይገባኛል። የለንም ብትሉኝ ሌላ ቦታ እሄድ ነበር። ግን አለን ብላችሁ ነው ገንዘቤን የተቀበላችሁት።

«አምጣው፣ ትንሽ ሆኒንግ እንጨምርለት» ያላችሁትን አልቀበልም። ጠማማውን ለማጥፋት ሲሞረድ ሲሊንደሩ ይሰፋል፣ አሁን ያለው ፒስቶን ይላላበታል። የምጠይቀው፣ ወደ ቀጣዩ ኦቨርሳይዝ በቶርክ ፕሌት ታስሮ፣ እኔና መካኒኬ ቆመን እያየን እንዲሠራ ነው። ፒስቶን፣ ፋሻና ጋርኒሲዮን በእናንተ ወጪ። የቆምኩባቸውን ቀናት ሒሳብ አልጠየቅኩም። ፕሌቱ ከሌላችሁ ደግሞ የከፈልኩትንና የዕቃውን ዋጋ መልሱልኝ፣ ያለው ቤት አሠራዋለሁ።

ብሎኩ ጋራዥ ወለል ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የእናንተን ደረሰኝና የአዲሱን ልኬት ፎቶ አያይዣለሁ። እስከ አርብ መልስ እጠብቃለሁ።